የባባ ታክሲ ኬክ፦ ለ4 ዓመት ልደት፣ የጾም፣ ቤት ውስጥ የሚሰራ። እርዱኝ

እናት ከጉለሌ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ልጄ እሁድ ነሐሴ 11 አራት ዓመት ይሞላዋል፣ ምን አይነት ኬክ ልስራልህ ስለው አንበሳ ወይ ኳስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ "የባባን ታክሲ" አለኝ። አባቱ ሚኒባስ ነው የሚሰራው፣ ያው ሰማያዊና ነጩን፣ ከለሊቱ 11 ሰዓት ልጁ ሳይነሳ ይወጣል ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ይገባል፣ በደንብ የሚተያዩት በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ ለሱ ታክሲዋና አባቱ አንድ ናቸው። የሞተሯን ድምፅ ከሌላ መኪና ለይቶ ያውቀዋል፣ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ "ባባ መጣ" ይላል።

ኬክ ቤት ሄጄ ጠይቄ ነበር። እንሰራለን ብለው ያሳዩኝ ፎቶ ቢጫ የውጭ አገር ታክሲ ነው፣ የኛን አይነት ስላቸው ደሞ የነገሩኝ ዋጋ የምችለው አይደለም። ስለዚህ ራሴ ልሰራው ወስኛለሁ።

ሌላው ነገር ፍልሰታ መሆኑ ነው። ልጁ ገና ነው አይጾምም፣ እናቴ ግን ትጾማለች። አምና የሰራሁት ኬክ የፍስክ ነበር፣ ልጁ በእጁ ቆርሶ ሮጦ ሄዶ "እማማ አፍሽን ክፈቺ" ሲላት "ጾም ነው የኔ ልጅ" አለችው፣ እሱ ጾም ምን እንደሆነ የት ያውቃል፣ እምቢ ያለችው ነው የመሰለው፣ ኬኩ እጁ ላይ እንዳለ ክሬሙ በጣቶቹ መሀል እየወረደ አለቀሰ። እናቴም ያን ቀን ከፋት። ዘንድሮ ያ ነገር እንዲደገም አልፈልግም፣ ሁለት ኬክ መስራትም አልፈልግም፣ ከአንድ ኬክ አብረው ይብሉልኝ።

ትናንት ሙከራ አረኩ። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የጾም ኬክ ልክ እንደተጻፈው ሰራሁ፣ ኦቨን ውስጥ በጣም ነፋ ከዛ መሀሉ ሰረጎደ። ማርጋሪን በስኳር መትቼ ሰማያዊ ቀለም ስጨምርበት ደሞ አረንጓዴ ሆነ። ምን እያጠፋሁ ነው?

ዳቦ ጋጋሪ፦
እህቴ እንኳን አደረሰሽ በቅድሚያ። ምንም አላጠፋሽም፣ አዲስ አበባ ነው ያጠፋው። አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ ያለ አሰራር ባህር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው፣ እኛ ያለነው ደሞ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሶዳው የሚሰራው አረፋ በቀላሉ ያብጣል፣ ሊጡ ገና ሳይበስል ነፍቶ ነፍቶ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ይወድቃል። ውሃ ራሱ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ 100 አይደርስም፣ ስለዚህ ኬኩ ቶሎ ይደርቃል እንጂ ቶሎ አይበስልም። እኔ ቤቴ ኬክ እየጋገርኩ መሸጥ ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያውን አንድ ዓመት ሙሉ መሀሉ የገባ ኬክ በክሬም እየሞላሁ ነው ያሳለፍኩት።

ለጾም የምሰራውን በሙሉ እጽፍልሻለሁ ኮፒ አርጊው። 20 በ30 ሴንቲ ለሆነ መጋገሪያ ትሪ፦ ፉርኖ ዱቄት 375 ግራም (3 ኩባያ ነው)፣ ስኳር 350 ግራም፣ ኮኮዋ 6 የሾርባ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ (የውጮቹ 2 ይላሉ፣ አንቺ አንድ ተኩል)፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ። ይሄን ሁለቴ ንፊው። ለብቻው ውሃ ግማሽ ሊትር ከ2 የሾርባ ማንኪያ፣ ዘይት 150 ሚሊ፣ አቼቶ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ቫኒላ። ኦቨኑን ቀድመሽ 190 አሙቂ፣ ትሪውን ወረቀት አንጥፊበት፣ ከዛ ብቻ ነው እርጥቡን ከደረቁ የምትቀላቅይው። ለምን መሰለሽ ሶዳው አቼቶውን ሲያገኝ ወዲያው ነው ስራ የሚጀምረው፣ ሊጡ እየጠበቀ ከቆየ አረፋው ያልቃል ኬኩም ድንጋይ ይሆናል። በሚክሰር አትምቺው፣ በእጅ ማማሰያ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ፣ ትንሽ ጓል ቢቀር ችግር የለውም። 35 ደቂቃ አካባቢ፣ ስቴኪኒ ወግተሽ ንጹህ ሲወጣ አውጪው።

እንቁላል የለው ቅቤ የለው ብለሽ አትስጊ፣ ብዙ የፍስክ ደምበኞቼ ይሄንኛውን ነው ደግመው የሚያዙኝ፣ በማግስቱ እንኳን ለስላሳ ነው።

ብርዱ ደብረ ብርሃን፦
እኔ ያለሁት 2800 ሜትር ላይ ነው፣ እዚህ አንድ ተኩሉም ይበዛል፣ 1 ሞልቶ ትንሽ ነው የማረገው። ድሬዳዋ እህቴ ጋ ስሄድ ደሞ በዚሁ መጠን ብሰራው አልነፋ አለኝ፣ ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ነዋ፣ እዛ 2 ሙሉ አርጌ ነው የተስተካከለልኝ። ስለዚህ ይሄን የምታነቡ መጀመሪያ የከተማችሁን ከፍታ እወቁ ከዛ ሶዳውን ለኩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ቀለሙ እኔ ልመልስ። ማርጋሪኑ ቢጫ ነው፣ ቢጫ ላይ ሰማያዊ ሲጨመር አረንጓዴ መሆኑ የግድ ነው። ሶስት መፍትሄ አለ። አንደኛ ማርጋሪኑን ለብቻው ስኳር ሳይገባበት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በሚክሰር ምቺው፣ አየር ሲገባበት በጣም ይነጣል። ሁለተኛ ግማሹን ነጭ የሆነ የሚረጋ የአትክልት ስብ አርጊው። ሶስተኛ ከሰማያዊው በፊት በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አርገሽ ወይንጠጅ ቀለም ጨምሪ፣ በጣም ትንሽ፣ ቢጫውን ያጠፋዋል፣ ከዛ ነው ሰማያዊ የምትጨምሪው። ደሞ የምትፈልጊው ሰማያዊ ከመድረሱ በፊት አቁሚ፣ ክሬሙን ሸፍነሽ ካሳደርሽው ቀለሙ በራሱ ይጠቁራል። መጀመሪያውኑ ደማቅ ካረግሽው ይመራል የልጆቹን ጥርስና ከንፈርም ያቀልማል።

አንድ ከባድ ነገር ደሞ ልንገርሽ። ፎንዳንት ገዝቼ እሸፍነዋለሁ ብለሽ ካሰብሽ ጀርባውን አንብቢ። አንዳንዱ ጄላቲን አለበት፣ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሰራው፣ ማርሽማሎውም እንደዛው። ከቀይ ቀለም ደሞ ኢ 120 የሚል ካለበት ከነፍሳት የሚወጣ ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ ለልጄ ክርስትና የጾም ነው ብዬ ለአማቴ ካቀረብኩላቸው በኋላ ነው ያነበብኩት፣ እስካሁን ሲቆጨኝ ይኖራል። የሚጾም ሰው አምኖን ነው የሚበላው።

እናት ከጉለሌ፦
ኧረ ተባረኩ!! ዳቦ ጋጋሪ እጅሽ ይባረክ ሁሉንም ጻፍኩት። ማርጋሪኑን አየሁት ጀርባው ላይ በትንሹ "የወተት ዌይ" (አጓት) ምናምን የሚል አለው፣ ሳላነብ ነው የገዛሁት። ሌላ የጾም ተብሎ የተጻፈበት እገዛለሁ። ቀጣዩ ጥያቄ ቅርጹ ነው፣ እንዴት ነው ከኬክ ሚኒባስ የሚወጣው?

ከቤር ሼቫ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እስራኤል ነኝ፣ እዚህ በሃይማኖት ስጋና ወተት አብሮ ስለማይበላ ወተት የሌለበት ምግብ ላይ "ፓርቬ" ተብሎ ይጻፋል፣ ማርጋሪንም ክሬምም ፓርቬ የሆነ ሱፐርማርኬቱ ሙሉ ነው። ለልጆቼ ልደት አርብ ማታ ከስጋ እራት በኋላ ስለሚቆረስ ሁሌ ፓርቬ ነው የምሰራው። የጾም ኬክ ለሚፈልጉ ጎረቤቶቼም ፓርቬ ክሬሙን ነው የምሰጣቸው በጣም ደስ ይላቸዋል። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ከዚህ አገር ዘመድ የሚልክላችሁ ካለ፣ ፓርቬ ማለት ወተት የለውም ማለት ነው እንጂ እንቁላል የለውም ማለት አይደለም። እንቁላል ፓርቬ ነው። ክሬሙ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም፣ ተሰርቶ የሚሸጠው ፓርቬ ኬክ ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት።

ባለ መስመር፦
እኔ ኬክ አላውቅም ታክሲ ግን አውቃለሁ፣ 14 ዓመት ነድቻለሁ። እህት ይሄን ጽሑፍሽን ረዳቴ ነው ያሳየኝ፣ የልጁ ነገር ልቤን ነካው፣ እኔም ሁለት ልጅ አሉኝ ተኝተው ነው የማያቸው።

ሚኒባሷን እንዳትሳሳቺ ልንገርሽ። ተንሸራታቹ በር በቀኝ በኩል ብቻ ነው ያለው፣ በግራ ሹፌሩ ነው ያለው። ከታች ሰማያዊ ነው ከመስኮቱ ጀምሮ ወደላይ ጣሪያው ነጭ። አፍንጫ የላትም፣ ፊቷ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው፣ የፊት መስታወቱ ብቻ ወደኋላ ጋደም ይላል፣ የቤት መኪና አይነት ቦኔት ካወጣሽላት ልጁ ወዲያው ነው የሚያውቅብሽ። መጠኗ ርዝመቷ ወደ 4 ሜትር ከ70፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ70፣ ቁመቷ 2 ሜትር ገደማ ነው። እሱን ወደ ኬክ ቀይሪው። እና ታፔላ አትርሺ፣ ታፔላ የሌለው ታክሲ ኮንትራት ነው።

ዳቦ ጋጋሪ፦
ወንድሜ ይሄን መጠን ስለነገርከን እግዜር ይስጥህ፣ ስራው እኮ ግማሹ አለቀ! እናት ከጉለሌ ስሚ፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ከሆነ ወርዱ ከ7 እስከ 8፣ ቁመቱ 8 ተኩል ይመጣል። ያ 20 በ30 ትሪ በ3 ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ 20 በ10 ይሆናል። ሁለቱን ትደራርቢያለሽ መሀሉ ላይ ማርማላታ፣ ያ ቁመቱን ይሰጥሻል። ከጎን ከጎን አንዳንድ ሴንቲ ትጠርቢና ወርዱ 8 ይሆናል። የፊት መስታወቱን በቢላ ሰያፍ ቁረጪ፣ በቃ ሚኒባስ ነው። ሶስተኛዋን ቁራጭ እንዳትጥያት፣ ፍርፍር አርገሽ ካርቶኑ ላይ ስትነሰንሺያት አስፋልት ትሆናለች፣ ኮኮዋ ስለሆነች ጥቁር ናት፣ በነጭ ክሬም ዜብራውን ትስያለሽ።

ግን ትኩስ ኬክ አይጠረብም! ቅዳሜ ጠዋት ጋግሪው፣ ሲበርድ በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ይዋል፣ ማታ ቅረጺው። ክሬሙን ሁለት ጊዜ ነው የምትቀቢው። ይሄን የተማርኩት አባቴ ቤት ሲሰራ እያየሁ ነው፣ መጀመሪያ ምርጊት ከዛ ልስን። ምርጊቱ ስስ ክሬም ነው፣ ፍርፋሪውን እንዲይዝ ብቻ፣ ቡኒ ነጠብጣብ ቢታይበት አትጨነቂ። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቢና ሲደርቅ ልስኑን ቀቢ፣ ከላይ ነጩን መጀመሪያ፣ ከታች ሰማያዊውን ቀጥሎ። ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከርሽ በጨርቅ እያደረቅሽ ካለሳለስሽው እንደ መኪና ቀለም ነው የሚያበራው።

ክሬሙ፦ ማርጋሪን 250 ግራም፣ የተፈጨ ስኳር 500 ግራም። አይሲንግ ሹገር ካጣሽ ስኳርሽን በጁስ መፍጫ ፈጭተሽ በአንድ ኩባያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምረሽ በወንፊት ንፊው። ካልተነፋ ክሬሙ አሸዋ አሸዋ ይላል።

እማማ ሽሮ ሜዳ፦
ልጆቼ እንዴት ናችሁ፣ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት እኔ እየነገርኳት። በኛ ጊዜ ልደት ድፎ ዳቦ ነበር፣ በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት እየተደረገ፣ ዳቦው ሲቆረስ ሽታው ሰፈሩን ያዳርስ ነበር። ኬክ ጥሩ ነው አልጠላም፣ ግን ድፎውም አይቅር፣ ድፎው ላይ ሽማግሌ ይመርቃል። እናትየው ለእናትሽ ያሰብሽው ነገር ደስ ብሎኛል። ልጅ ሲያጎርስ እምቢ ማለት ለኛም ከባድ ነው፣ ያን ቀን እናትሽ ምን እንደተሰማት አውቃለሁ። እድሜ ይስጥሽ።

እናት ከጉለሌ፦
እማማ ይኑሩልኝ፣ አሜን። ድፎውን እናቴ ራሷ ልትደፋ ነው፣ ቅዳሜ እኔ ኬክ እሷ ዳቦ። የእርስዎን ምርቃት አነበብኩላት፣ እሷም እድሜና ጤና ይስጣቸው ብላለች።

ከዱባይ፦
ሁላችሁም ሰላም፣ መሀል ገብቼ ከሆነ ይቅርታ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ የማሳድጋቸው ልጆች ልደት ሲሆን ኬኩን የምሰራው እኔ ነኝ፣ ኦቨኑም ሚክሰሩም ቀለሙም ሁሉም አለ፣ አሁን በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 በላይ ስለሆነ ክሬሙ ካልቀዘቀዘ ክፍል ከወጣ አስር ደቂቃ አይቆምም፣ እሱንም ለምጄዋለሁ። የራሴ ልጅ ግን ደሴ እናቴ ጋ ናት፣ መስከረም 2 ስድስት ዓመት ይሞላታል እና እስካሁን እጄ የሰራው ኬክ በልታ አታውቅም። ቢራቢሮ ነው የምትፈልገው። እናቴ ኦቨን የላትም፣ ከሰልና ብረት ድስት ነው ያላት። በቪዲዮ እየነገርኳት ማሰራት ይቻላል? የሞከረ ሰው አለ?

ብርዱ ደብረ ብርሃን፦
የኔ እህት በደንብ ይቻላል!! እኔ ኦቨን ከመግዛቴ በፊት አራት ዓመት በድስት ነው የጋገርኩት። እንዲህ ነው፦ ወፍራም ብረት ድስት፣ ስር ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ጨው ወይ የታጠበ ደረቅ አሸዋ። አሸዋው ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይ የተገለበጠ የብረት ክዳን አስቀምጣ በደንብ ትክደነውና 15 ደቂቃ ይሙቅ። የኬኩ እቃ ከድስቱ በሁለት ጣት የሚያንስ ይሁን፣ ሙቀቱ በዙሪያው እንዲዞር፣ ግድግዳውን ከነካ በአንድ ጎን ያራል። ከሰሉ ከስር ይቀንስ፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ ፍም ታርግበት፣ እናትሽ ድፎ ደፍታ የምታውቅ ከሆነ እሳት መጠኑን ከኛ በላይ ታውቀዋለች። ግማሽ ሰዓት እስኪሞላ ክዳኑን እንዳትነካው፣ ከዛ በስቴኪኒ እየወጋች ትይ፣ እስከ 50 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ደሴም ከፍታዋ ከ2400 በላይ ስለሆነ ሶዳውን እንደ አዲስ አበባ ቀንሺ። መጠኑን በሙሉ በግማሽ አርጊው።

ቢራቢሮው ደሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንድ ክብ ኬክ፣ መሀል ለመሀል ለሁለት መቁረጥ፣ ከዛ ሁለቱን ግማሾች ማዞር፣ የተቆረጠው ቀጥ ያለው ጎን ወደ ውጪ፣ ክቡ ጎን ወደ ውስጥ ተነካክተው። ክንፍ ሆነ ማለት ነው። ከውጪኛው ጎን መሀል ላይ ትንሽ ሶስት ማዕዘን ቆርጣ ብታወጣ ላይኛውና ታችኛው ክንፍ ይለያል። የቆረጠቻትን ሁለት ሶስት ማዕዘን መሀል ላይ ብትሰካቸው ሰውነቱ ይሆናል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
መስከረም 2 ከሆነ ደሞ አደይ አበባ በየሜዳው ነው፣ ኬኩ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ትሪው ላይ ይደርደር፣ ክሬም ቀለም ባይገኝም ቢጫውን አበባው ይሰጣል። የጾም ቀን ካልሆነ በገበታ ቅቤ ክሬም ትስራው፣ የደሴ ብርድ አያቀልጠውም።

ከዱባይ፦
ስልኬን ይዤ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ለእናቴ አሁኑኑ በድምፅ ላኩላት፣ "ድፎ ስደፋ ኖሬ ይሄ ያቅተኛል" አለችኝ። ከመስከረም 2 በፊት አንዴ ለሙከራ ልትሰራው ነው።

አባት ነኝ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ እና ልጠይቅ፣ ታፔላው ላይ ምን ሊጻፍ ነው? እኔ ብሆን "4 ኪሎ" ነው የምጽፈው። ልጁ 4 ዓመቱ አይደል።

ዳቦ ጋጋሪ፦
ወይኔ እንዴት የሚያምር ሀሳብ ነው!! እናት ከጉለሌ ይሄ ግድ ነው። ቀጭን ብስኩት ላይ ነጭ ክሬም ቀብተሽ በኮኮዋ ክሬም ጻፊበት፣ ፌስታል ጥግ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አርገሽ በሱ ነው የምትጽፊው።

እናት ከጉለሌ፦
አባት ነኝ፣ ባለቤቴ ይሄን ሳነብለት እንዴት እንደሳቀ ባየህ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንደዛ ሲስቅ የሰማሁት። "4 ኪሎ" ጸድቋል።

ባለ 3 ልጆች፦
አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። መብራቱን በክብ ከረሜላ አስባችሁ ከሆነ ተዉት፣ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። ኦቾሎኒም እንደዛው። ኬኩን ለመደገፍ ስቴኪኒ ከሰካችሁ ስንት እንደሰካችሁ ቆጥራችሁ ጻፉ፣ ስትቆርሱ ቆጥራችሁ አውጡ። የኔ ልጅ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ከኬክ ውስጥ የቀረ ስቴኪኒ አፉ ውስጥ ገብቶ ላንቃው ደምቷል፣ ያን ቀን ያየሁትን ደም አልረሳውም።

እናት ከጉለሌ፦
ቅዳሜ ማታ ነው። ሪፖርት ላድርግ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኦቨኑን አሙቄ ሊጡን ልቀላቅል ስል መብራት ጠፋ። ዳቦ ጋጋሪ ያልሽውን አስታውሼ እርጥቡን ከደረቁ ሳልቀላቅል ተውኩት፣ ሁለቱንም ለየብቻ ክዳን አርጌ አስቀመጥኩ። 5 ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ቀላቀልኩና አስገባሁ፣ 37 ደቂቃ። መሀሉ አልገባም!!! ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የወጣው እንደ ጠረጴዛ። ፍሪጅ ውስጥ ዋለ፣ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ቀረጽኩት፣ እናቴ ፋኖስ ይዛ፣ መብራቱ እንደገና ሄዶ ነበር። ምርጊቱን ቀብቻለሁ። ሰማያዊው ከወይንጠጅ ነካ አርጌ ከጨመርኩ በኋላ እውነተኛ ሰማያዊ ሆነ፣ ባለቤቴ ግን አይቶ "ትንሽ ጠቆር ይበል፣ የኛ ታክሲ ሰማያዊ ደከም ያለ ነው ግን እንዲህ አይነጣም" ብሎ ራሱ በስቴኪኒ ጨመረበት። ከስራ ደክሞ መጥቶ ከለሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቆሞ ቀለም ሲያማስል ሳየው ምን ልበላችሁ።

በሩን አንድ የሻይ ብስኩት ሰማያዊ ቀብቼ፣ ከመኪናው ጎን ትንሽ ፍልፍል አርጌ ውስጡን በኮኮዋ ክሬም አጥቁሬ፣ ብስኩቱን ወደኋላ ሳብ አርጌ ለጠፍኩት። የተከፈተ በር ነው የሚመስለው። በቀኝ በኩል። ጎማዎቹ የጾም የሚል የተጻፈባቸው ክብ ብስኩቶች ናቸው፣ በኮኮዋ ክሬም ተቀብተው። መብራቱ ክሬም ነው፣ ከረሜላ የለም።

ባለ መስመር፦
ፎቶውን አየሁት። የኋላ መስታወቱ ላይ ጥቅስ ሳይለጠፍ? እሱ ግን ይቅር፣ በጣም ነው የሚያምረው። እጅሽ ይባረክ።

እናት ከጉለሌ፦
እሁድ ማታ። ሁሉም ሰው ሄዷል፣ እቃ አጥቤ ጨርሼ ነው የምጽፈው።

ከቅዳሴ መልስ ነው የጀመርነው። ባለቤቴ ዛሬ አልወጣም፣ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሟት ነው የዋለው። ኬኩን ተሸፍኖ አምጥቼ ስገልጠው ልጁ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ዞሮ ዞሮ አየው፣ ከዛ በሩ ጋ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። "ባባ የት ገባ" አለ። ውስጡ ባዶ ስለነበር ማለት ነው። አባቱ "ይኸው እዚህ ነኝ" ብሎ ከኋላው ብድግ አረገው።

ሻማውን አስፋልቱ ላይ ነው የተከልነው፣ ጣሪያው እንዳይበላሽ። ስንቆርስ አንዷ የጎረቤት ልጅ "ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች፣ ከዛ በኋላ ኬክ የፈለገ ሁሉ ወራጅ አለ እያለ ነው የተቀበለው፣ ልጄ ደሞ ረዳት ሆኖ በር ላይ ቆሞ "ሂሳብ! ሂሳብ!" እያለ ከሁሉም ሰው መሳም ሰበሰበ።

የመጀመሪያውን ቁራሽ ግን ማንም ሳይነግረው ይዞ ሄደ ወደ እናቴ። እኔ እጄ ላይ ቢላ እንዳለ ቆሜ ነው ያየሁት። "እማማ አፍሽን ክፈቺ" አላት፣ ቃል በቃል የአምናውን። ከፈተች። ሰማያዊው ክሬም ከንፈሯ ላይ ቀርቶ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርገው ነጠላዋም ላይ ሰማያዊ ምልክት ቀረ። ልጠብልሽ ስላት እምቢ አለች፣ ይቀመጥ አለች።

ዳቦ ጋጋሪ፦
አልቻልኩም እንባዬ መጣ። ስለ ክሬሙ የጻፍኩት ሁሉ ለዚች አንድ ጉርሻ ከሆነ ደግሜ ደግሜ እጽፋለሁ።

እማማ ሽሮ ሜዳ፦
እልል ብያለሁ ቤት ውስጥ ሆኜ። ለእናትሽ ሰላምታ አድርሺልኝ።

ከዱባይ፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። የኛም የሙከራው ቢራቢሮ ተሰርቷል! እናቴ አንደኛውን ክንፍ ትንሽ አሳርራዋለች፣ ከሰሉ በዛ ጎን በዝቶ ነው፣ ለመስከረም 2 አስተካክላለሁ ብላለች። ልጄ ያረረውን ክንፍ "ይሄ የማታ ቢራቢሮ ነው" ብላ በልታ ጨርሳዋለች። ኬኩን ስትበላ በቪዲዮ ሳያት አመሸሁ።

አባት ነኝ፦
ታፔላውስ? ምን አለ ልጁ ሲያየው?

እናት ከጉለሌ፦
ማንበብ አይችልም ገና፣ ግን 4ን ያውቃታል፣ ጣቱን ዘርግቶ "እኔ ነኝ" አለ። አባቱ አዎ አንተ ነህ፣ ዛሬ 4 ኪሎ ደርሰናል ሲለው "ነገስ?" አለው። ነገ ሳይሆን የዛሬ ዓመት 5 ኪሎ፣ ከዛ 6 ኪሎ አለው። ታፔላዋን እንዳትበላ ብሎኛል፣ ፍሪዘር ውስጥ ናት።